ለተኩስ ጨዋታ ሥነ ምግባር ላስተምር ካርቱም የሄድኩ ጊዜ

ከጎንደር ካርቱም ድረስ የተጠራሁት ጦርነት እንዳስተካክል ነው። እውነተኛውን አይደለም፤ እሱ በቂ ባለቤት አለው። የተጠራሁት በኮምፒውተር ለሚጫወቱት፣ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ ለሚታኮስበት ጦርነት ነው። ሃያ ዓመት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሙያዬን ብሎ ጥያቄ ያቀረበልኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ብቻ ነበር። የጠየቀኝም ፈተናው በስንት ሰዓት አልቆ በሩን እንደሚቆልፍ ነው።

የጠራኝ የወንድሜ ልጅ ዮናታን ነው። ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ በደርግ ጊዜ ሱዳን ተሰዶ እዚያው ቀረ፤ ማቀዝቀዣ እየጠገነ ልጅ አሳደገ። ዮናታን ተወልዶ ያደገው ካርቱም ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኗል። ከሁለት ሱዳናዊ ጓደኞቹ ጋር ጌም እየሠሩ ሳለ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ሦስቱ ተጣሉ። ዮናታን በድምፅ መልእክት እንዳስረዳኝ፣ ያጣላቸው ጥያቄ "ያኒ፣ ማለቴ፣ ጌሙ ጦርነት ሐራም ነው ብሎ ይናገር ወይስ ዝም ይበል?" የሚል ነው። የሚዳኛቸው ገለልተኛ ሰው ፈለጉ። የእኔ ገለልተኛነት የተረጋገጠው በሕይወቴ ጌም ነክቼ ስለማላውቅ ነው።

ጊዜው ሱዳኖች ሠላሳ ዓመት የገዛቸውን መንግሥት ጥለው፣ ሲቪሉና ወታደሩ አንድ ወንበር ላይ አብረን እንቀመጣለን እያሉ የሚገፋፉበት የሽግግር ወቅት ነበር። ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘጋ፤ እኔም ሦስት ገጽ አስተያየት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ፣ በርበሬና ሽሮ ቋጥሬ ተነሳሁ።

ሰኞ

ከጎንደር መተማ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። በየኪሎ ሜትሩ አንድ ልብስ ይወልቃል። ጠዋት በሹራብና በጋቢ የተሳፈርነው ሰዎች መተማ ስንደርስ የማንተዋወቅ መስለን ነበር።

ድንበሩ አንዲት አጭር ድልድይ ናት። ወዲያ ማዶ ገላባት ላይ የተቀበለኝ የድንበር ሹም አማርኛ ይችላል።

"ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አስተማሪ ነኝ።"

"የምን?"

"የሥነ ምግባር።"

ለባልደረባው በዐረብኛ ተረጎመለት። ባልደረባው ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው በርበሬዬን መፈተሽ ጀመረ።

"ካርቱም ምን ልትሠሪ ነው?"

እውነቱን ነገርኩት። "የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ያልታጠቀ ሰው ይገደል አይገደል የሚለውን ልወስን።"

ሹሙ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተሙን አሳርፎ፣ "ይህን የሚወስኑ ሰዎች እኮ ቪዛ ጠይቀውን አያውቁም" አለኝ። ባልደረባው በበርበሬው ምክንያት ያስነጥሰው ስለነበር አልሳቀም።

ያደርኩት ገዳሪፍ ላይ አንዲት ሱዳናዊት እናት ጓሮ ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ነው። አገር ቤት አልጋ ስንከራይ መታወቂያ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ ብርድ ልብስ አንድ ይሰጣል። እዚህ መታወቂያ አልተጠየቀም፤ ብርድ ልብስም ማንም አላሰበም። ሴትዮዋ ብቻዬን መሆኔን ስታይ የራሷን አልጋ ጎትታ ከእኔ አጠገብ አደረገችና፣ አንዲት ቃል ሳንግባባ፣ እጄን መታ መታ አድርጋ ተኛች። እኔ ወንድሜ ቤት እንኳ እንዲህ ሆኜ አልተኛሁም።

ማክሰኞ

ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ሜዳ ነው። ከዚያ ወዲያም ሜዳ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ሰዓት ሄደሽ ዳገት ካላገኘሽ መንገድ ተሳስተሻል ማለት ነው፤ እዚህ አምስት ሰዓት ሄደን የወጣነው ዳገት የፍጥነት መቀነሻ ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማ አለው፤ መኪናውን ማንሻ ግን የለውም። "ኢንሻላህ" አለና ሲጋራውን ለኮሰ። ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተደርድረን የሚያልፍ መኪና ጠበቅን። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ከጨርቃቸው ውስጥ ዳቦና ፉል አውጥተው ዘረጉና፣ "ኢትፈደሊ፣ ኢትፈደሊ"፣ እንኪ ብዪ፣ እያሉ ያዙኝ። እምቢ ብል እንደ ስድብ ሊቆጥሩት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች አማርኛ የምትችል የገዳሪፍ ልጅ ትተረጉምልን ጀመር። ሽማግሌው ለምን እንደምሄድ ሲሰሙ በጣም አሰቡበት።

"በዚያ ጨዋታ ውስጥ የሞተ ሰው ምን ይሆናል?" አሉኝ።

"ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይነሳል።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ከልባቸው። "ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?"

ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ማንሻ አዋሰን። ሦስት ገጽ አስተያየቴን አውጥቼ ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ፈለግሁ። አልነበረውም።

የወንድሜ ሰፈር ሐጅ ዩሱፍ የደረስኩት አመሻሽ ላይ በሪክሻ ነው፤ ባጃጅን እንዲህ ይሉታል። የወንድሜ ግቢ ውስጥ ሰባት የተበላሹ ማቀዝቀዣዎች ቆመው ተቀበሉኝ። ቤት ውስጥ ያለው ስምንተኛውም አይሠራም። "ደንበኛ ይቀድማል፣ የሺዬ" አለኝ ተስፋዬ እያቀፈኝ። ለእኔ ብሎ ኪስራ ገዝቶ፣ የባሚያ ወጥ ራሱ ሠርቷል። ኪስራ የእንጀራችን ዘመድ ነው፤ ግን ብዙ የጾመ ዘመድ። ወደ ብርሃን ስታነሺው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይታያል።

ዮናታን ሮጦ መጣና፣ "አክስቴ! እንዴት ነህ? ደክሞሃል?" አለኝ።

አባቱን አየሁት። "ከእኔ ብቻ ነው የተማረው" አለ ተስፋዬ አፍሮ። እናቱ ሱዳናዊት ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና አማርኛ አልነገረችውም። ስለዚህ ልጁ አማርኛ ሲናገር ሴት ወንዱን ሁሉ "አንተ" ይላል። ሰባት ቀን ሙሉ ወንድ ሆኜ ከረምኩ።

ረቡዕ

ቢሮአቸው ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር፣ ከሠርግ ልብስ መደብር በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሚኒባስ ስንሄድ ያየሁት የዳቦ ሰልፍ የሦስት መንገድ ኩርባ ታጥፎ ያልቃል። እኛ አገርም ሰልፍ አለ፤ ግን እኛ ስንሰለፍ ዝም ብለን ነው። እነሱ ተሰልፈው መንግሥት ስለመመሥረት ይከራከራሉ፤ ዳቦው ሲደርሳቸው ክርክሩ ስላላለቀ የሚበሳጩ ሁሉ ነበሩ።

ከዮናታን ጋር የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ራንያ ሥዕሉን ትሠራለች፤ የጨዋታው ከተማ፣ ግንቡ፣ ድልድዩ፣ ገበያው የእሷ እጅ ነው። ሙሀነድ ሕጉን ይሠራል፤ ማን በስንት ጥይት ይወድቃል፣ መቼ ይነሳል የሚለውን። ሙሀነድ ያነክሳል። ሰዉ ሥልጣን ለሲቪል ይሰጥ ብሎ አደባባይ ላይ ተቀምጦ ሳለ የተበተነ ዕለት ጉልበቱን ሰብረውታል። በእኔ የአስተማሪ እንግሊዝኛና በእነሱ ዐረብኛ መካከል ዮናታን ቆመ፤ ከሁለቱም ወገን ጉዳት ደረሰበት።

"ከተማ ውስጥ ጦርነት አድርገን፣ ከተማው ውስጥ ከወታደር በቀር ሰው የለም" አለች ራንያ። "ይሄ ውሸት ነው። እኔ አንዲት ሻይ ሻጭ ማስገባት እፈልጋለሁ። እሷን የመታ ሰው ምን እንዳደረገ ይወቅ።"

ሙሀነድ ጉልበቱን እያሻሸ መለሰ። "ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ይሄ ስለ ጦርነት ያስተምረኛል። ደረጃ ስወጣ ይከልስልኛል። ጌም የምገባው ትምህርቱን ስለጠገብኩት ነው። ተመትቼ በአምስት ሰከንድ የምነሳበት አንድ ቦታ እፈልጋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ። እሱንም ወደ መስጊድ ልትቀይሪብኝ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሦስቱን ገጽ አወጣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ሥነ ምግባር ማለት..." ብዬ ስጀምር ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራት መጣ። ሦስቱም እየተገፋፉ ወደ ኮምፒውተራቸው ሮጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ቀና ያለ የለም። ተማሪዎቼ ቢያንስ ሲሰለቹኝ አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ ጥለውኝ አይሮጡም።

በመጨረሻ ሻይ ሻጯ ለሙከራ እንድትገባ ተስማሙ። ዳኛዋን ማንም አልጠየቃትም።

ሐሙስ

ሙከራው የተደረገው ከወንድሜ ቤት አጠገብ ባለ ጌም ቤት ነው። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁለት ማራገቢያ፣ አንዱ የሚሠራ። ግማሾቹ ተጫዋቾች የሰፈሩ ሱዳናውያን ወጣቶች ናቸው። ግማሾቹ የእኛ ልጆች ናቸው፤ ወደ ሊቢያ መንገድ እስኪገኝ ካርቱም ላይ የቀን ሥራ የሚሠሩ። ከእነሱ ውስጥ ሀብታሙ የሚባል የወሎ ልጅ ወንበር አመጣልኝ።

"እትዬ፣ ቀን ብሎክ እሸከማለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እዚህ መጥቼ ሰው እመታለሁ" አለኝ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ ብሎኩ ይሻላል። ብሎክ ተነስቶ አይመታም።"

በሩ ላይ አለምነሽ የምትባል ሴት ሻይ ትሸጣለች፤ ሱዳኖች ሻይ ሻጭን ሲት ሻይ ይሏታል። አል-ማንሺያ ውስጥ በሀብታሞች ቤት አሥር ዓመት ሠራተኛ ሆና ኖራ፣ ወጥታ ማንቆርቆሪያና ዝቅ ያለ ወንበር ገዝታ ለራሷ ማደር የጀመረች ናት። እንደ ሱዳን ሴቶች ብርቱካናማ ቶብ ተጠምጥማ ትቀመጣለች። ራንያ ሥዕሏን የወሰደችው ከእሷ ነው። ማስፈቀድ ትዝ አላላትም፤ ለሥነ ምግባር ስትቸኩል ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነበር፦ የቆሰለ ተጫዋች ሻይ ሻጯ ጋ ሄዶ ከጠጣ ይድናል። እሷን የገደለ ግን ስክሪኑ ይጨልምበትና "ንጹሕ ሰው ገድለሃል" የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። ተጫዋቾች ሲሞቱ ይነሳሉ፤ እሷ ግን አትነሳም። ራንያ እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሞት እውነተኛ መሆኑ እንዲሰማቸው" ብላ አስረዳችን።

ጨዋታው ተጀመረ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሻይ ሻጯ ወደቀች፤ የአንዱ ስክሪን ጨለመ። "ምን ጻፈብህ?" ብለው ሁሉም ተንጠራርተው አነበቡለትና ሳቁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሩብ ደቂቃም አልቆየች። በሦስተኛው ዙር አሥራ ሁለቱም ጠላታቸውን ትተው ወደ እሷ ሲሮጡ አየሁ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኩት ሀብታሙን።

"ጽሑፉ የሚመጣው መጀመሪያ ለመታት ብቻ ነው፣ እትዬ" አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "መሽቀዳደም አለብን።"

የሃያ ዓመት ሙያዬን እንዲህ በአጭሩ ያስረዳኝ ሰው የለም።

አለምነሽ ትሪ ሙሉ ሻይ ይዛ የገባችው ያኔ ነው። ሀብታሙ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ቶብ የለበሰች ሴት ከዝቅተኛ ወንበሯ ላይ ወደ ጎን ወደቀች።  

"ይቺ እኔ ነኝ?" አለች አለምነሽ።

ሀብታሙ ማውሱን ለቀቀ።

"ወንበሬ ነው። ቶቤም ነው።" ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ለምን አትሮጥም? ተኩስ ሲጀመር እዚያው ተቀምጣ ምን ትጠብቃለች? እኔን እንዲህ ጅል አደረጋችሁኝ?"

ዮናታን ሊያስረዳት ሞከረ። ወታደሮቹ ከአምስት ሰከንድ በኋላ እንደሚነሱ ነገራት።

"እኔስ?"

"አንተ አትነሳም" አለ ዮናታን ላብ አጥምቆት። "ያኒ፣ ሲቪል ነህ።"

አለምነሽ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። "ተኳሹ ይነሳል፤ የሞተችው አትነሳም። ይሄማ ያለ ኮምፒውተርም አለ።" ትሪውን እዚያው ትታ ወጣች። ሻዩን አንድም ሰው አልጠጣም። ራንያ ምን እንዳለች ተርጉሙልኝ አለች፤ ሲነገራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ዓርብ

ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ራንያና ዮናታን ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ አለምነሽ ቤት ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ሽማግሌ እንድሆን። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። ንግግሬን ገና ሳልጀምር ትልቅ ትሪ ቀረበ። ድንች ወጥ፣ ሰላጣ፣ የተጠበሰ ዓሣ። አገር ቤት የበደለ ነው የሚደግሰው፤ እዚህ የተበደለችው ደገሰች። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተጨምሮልኝ ተመለስኩ።

ስንበላ ራንያ አደባባዩ የተበተነ ዕለት የት እንደነበረች ጠየቀቻት።

"እዚያው" አለች አለምነሽ። "ሰዉ በተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ሻይ የማፈላው እዚያ ነበር። ተኩስ ሲጀመር ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ትቼ ተነሳሁ። አንድ ተማሪ ብርጭቆዬን ይዞ ነበር። 'ቆይ፣ ብርጭቆሽን ልስጥሽ' ይለኛል፤ በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል። ብርጭቆ!"

"ሰጠሽ?" አልኳት።

"እኔ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።" የራንያ ሳህን ላይ ዓሣ ጨመረችላት። "ብዪ እንጂ አንቺ፣ ሥዕል ስትስዪ ነው የከሳሽው።"

ከበላን በኋላ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ ውሏን ነገረችን። ተኩስ ሲጀመር እንድትሮጥ፤ ጸጥ ሲል ተመልሳ እንድትቀመጥ። ሌላው የሚነሳ ከሆነ እሷም እንድትነሳ። "ከተነሳሁ በኋላ ግን" አለች ማንኪያ እያራገፈች፣ "የገደለኝን አውቀዋለሁ። እሱ ከእኔ ሻይ አይጠጣም። ደሙ እየፈሰሰ ቢለምነኝም አይጠጣም።"

"ጽሑፉስ? 'ንጹሕ ሰው ገድለሃል' የሚለው?" አለች ራንያ።

"አጥፉት። ንጹሕ ናት ብሎ ማን ነገራችሁ? ወተቱ ላይ ውሃ እጨምራለሁ እኮ።"

ራንያ ሁሉንም ጻፈችው። እኔ ሦስቱን ገጽ ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

ቅዳሜ

ሙሀነድ "የሞተችውም ትነሳ" የሚለውን ሲሰማ ሳቀ። ዮናታን እንዳለኝ ከተደበደበ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየውም። "ይቺ ሴት ገብቷታል" ብሎ ሕጉን እንዳለችው አድርጎ ሠርቶ ጠበቀን።

ከአሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የቀን ሥራ አግኝቶ ቀርቷል። አሥራ ሁለተኛ ሰው የግድ ያስፈልጋል ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዳኝነቴን ሲፈልጉ እንዲህ አንድ ላይ ዞረው አያውቁም።

ሀብታሙ ማውሱን እጄ ላይ አደረገልኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች ከግንብ ጋር ስጋፋ አሳለፍኩ። ከዚያ ሰማይ አየሁ። ከዚያ የገዛ ጫማዬን አየሁ። በየሠላሳ ሰከንዱ እሞታለሁ፣ እነሳለሁ። "እትዬ የሺ፣ ወደኛ አይተኩሱ!" ይላል ሀብታሙ። ወደ ማንም አልተኮስኩም፤ የምይዘውን ስላጣሁ የተጫንኩት ነው።

ሻይ ሻጯን ግን ማየት ያስደንቅ ነበር። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ቶቧን ሰብስባ ወደ መተላለፊያ ትሮጣለች፤ ጸጥ ሲል ተመልሳ ትቀመጣለች። ሀብታሙ እንደ ልማዱ አንዴ መታት። ተነሳች። ትንሽ ቆይቶ ቆስሎ ሊጠጣ ሲሄድ ጀርባዋን ሰጠችው።

"እትዬ አለምነሽ! ይቅርታ!" ብሎ ወደ በሩ ጮኸ።

"እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ? እሷን ለምናት" አለች እውነተኛዋ አለምነሽ ከውጭ።

ሀብታሙ እየተሳበ ሁለት ጊዜ ሞተ። ሌሎቹ ይህን አዩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከሁለቱም ወገን "ሲት ሻይን ተዋት! ሲት ሻይን አትንካ!" የሚል ጩኸት በዐረብኛና በአማርኛ ይሰማ ጀመር። በወንበሯ ዙሪያ አንድም ጥይት የማይተኮስበት ክብ ተበጀ። ጠላትና ጠላት ጎን ለጎን ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ወጥተው ይገዳደላሉ።

"አየህ? ሥነ ምግባር!" አለች ራንያ።

"ጥም ነው እንጂ" አለ ሙሀነድ።

እኔ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ሃያ ዓመት ያልቻልኩትን አንድ ማንቆርቆሪያ ሠራው ብዬ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ሰከንድ ሲቀረው እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ያ ክብ ውስጥ ደረስኩ። አሸናፊው ታውቋል፤ ከዚህ ወዲያ ሻይ ለማንም አይጠቅምም። ሻይ ሻጯ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጸጥ ስላለ አልሮጠችም። ሙሉ ጨዋታውን ማንንም አልመታሁም። ከፊቴ ያለች፣ የማትተኩስብኝ፣ የማትንቀሳቀስ እሷ ብቻ ነበረች። ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት ይላል ስክሪኑ። ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። በቃላት ነው ያሰብኩት፤ ስለዚህ እጄ ተሳስቶ ነው ማለት አልችልም። ተጫንኩት።

ወደቀች። ጨዋታው አለቀ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዱ ጠረጴዛ እየደበደበ "ማነው? ማነው እሱ?" ይላል። አለምነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ማነው?" አለች እሷም።

የማን ጥይት ማንን እንደመታ የሚታየው ዮናታን ኮምፒውተር ላይ ነው። አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ክዳኑን ዘጋው። "አይታወቅም። ሲስተሙ አልጻፈም" አለ። ሰዉ ሲበተን ጆሮዬ ሥር መጣና፣ "አክስቴ፣ አንቺ ነሽ" አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ "አንቺ" ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

አለምነሽ ለሁላችንም ሻይ ቀዳች። ለእኔም ሰጠችኝ። ጠጣሁት፤ እንደ ሱዳን ሻይ ሁሉ ስኳር ነበር።

እሑድ

ወንድሜ ሁለቱ ዓባይ የሚገናኙበት ቦታ ወሰደኝ። አንዱ ነጣ ያለ ነው፣ አንዱ ጠቆር ያለ፤ አብረው ይሄዳሉ። "የኛው ነው ይሄኛው፣ ከጣና የመጣው" አለኝ ተስፋዬ በኩራት። ሰው ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው ይባላል። እኔ የማየው የገዛ ጣቴን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ራንያና ሙሀነድ ደወሉ። ሻይ ሻጯ እንደሆነች እንድትቀር ተስማምተዋል፤ ግን የእኔን ውሳኔ በጽሑፍ ይፈልጋሉ። "ገና እያሰላሰልኩ ነው" አልኳቸው። አስተማሪ ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ሰኞ

ጠዋት አውቶቡስ ተራው ላይ ወንድሜና ዮናታን ሻንጣዬን ሲያስጭኑ አለምነሽ መጣች። ሥራዋን ትታ ከሐጅ ዩሱፍ ድረስ በሁለት ሚኒባስ ነው የመጣችው። ለመንገድ ብላ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በጨርቅ ቋጥራለች። ጨርቁን እጄ ላይ ስታደርግ መናገር ቻልኩ።

"አለምነሽ፣ ቅዳሜ ዕለት..." አልኳት። "እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ዮናታን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ሁሉም ሲስቁ አንቺ ብቻ አልሳቅሽም።"

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?" አልኳት።

"አስተማሪ ናት፣ ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ።" ቶቧን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ሁለት ቀን ፈጀብሽ።"

ሳመችኝና ዞራ ሄደች። እንደተቆጣችኝ ወይም እንደማረችኝ እስከዛሬ አላውቅም። እንቁላሉን ገዳሪፍ ሳልደርስ በላሁት።

ለነራንያ ሦስቱን ገጽ አልላክሁም። የላክሁት አንድ መልእክት ነው፦ "ሰባኪ አታስገቡ። እሷን ግን እንዳታስወጧት። መጨረሻ ላይ የመታኋት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ሰከንዶች አስቡባቸው።" ሙሀነድ የሚስቅ ፊት ላከልኝ። ራንያ ምንም አልላከችም።

እረፍቱ አልቆ ትምህርት ሲከፈት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ ታሪኩን እንዳለ ነገርኳቸው፤ የተኮስኩትንም ሳልደብቅ። እንዲያ ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም። ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ለምን ተኮሱባት?"

"ደወል ተደውሏል፣ ውጡ" አልኳት። ገና አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። አንድም ተማሪ ከወንበሩ አልተነሳም።